ፖስታው ውስጥ የቀረው ኩላሊት

ጠዋት ጠዋት ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሄደውን ሰው እጁን እዩት። ብዙው ትልቅ ፖስታ ይዟል። ፖስታው ቦርሳ ውስጥ አይገባ፣ ብብት ሥር አይያዝ። ንፋስ ሲነሣ ሰውየውን ይዞት ሊሄድ ይደርሳል። ክረምት ከሆነ በጥቁር ፌስታል ይጠቀለላል።

ውስጡ የሲቲ ስካን ፊልም አለ። ከፊልሙ ኋላ ደግሞ በነጭ ወረቀት ኪስ የተከተተች አንዲት ሲዲ። ፊልሙን ሁሉም ያየዋል፦ ታካሚው፣ አስታማሚው፣ ጎረቤት፣ ነርስ የሆነች የአክስት ልጅ። ሲዲዋን ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። የዛሬ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ እንኳ የለውም። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለ እሷና ከእሷ ስለሚሠራው ሦስት አቅጣጫ ያለው የኩላሊት ምስል ነው።

ባለፈው ክረምት እኔም ከፖስታ ያዦቹ አንዱ ነበርኩ። አጎቴ "ጨጓራዬ ነው" ብሎ አልትራሳውንድ ታየ። ጨጓራው ምንም አልሆነም፤ ግራ ኩላሊቱ ላይ ግን ዕጢ ተገኘ። እንግዳ ነገር አይደለም። ድሮ የኩላሊት ካንሰር የሚታወቀው ሽንት ደም ሲቀላቅል፣ ጎን ሲወጋ፣ ሆድ ሲዳሰስ እብጠት እጅ ላይ ሲመጣ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ ብዙ ጊዜ ነገሩ መሽቷል። አልትራሳውንድና ሲቲ በተስፋፋባቸው አገሮች አሁን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የኩላሊት ዕጢ ሌላ ነገር ሲፈለግ በአጋጣሚ የሚገኝ ነው። የአጎቴም እንደዚያው። መጠኑ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል።

ሰንጋ ተራ እናቴ ቤት ምክር ተቀመጥን። ውሳኔው ቡና ሦስተኛው ሳይደርስ አለቀ፦ "ይውጣ!" ነቀርሳ ሥሩ ካልተነቀለ ያገረሻል፤ ለሰው ደግሞ አንድ ኩላሊት ይበቃዋል። እናቴ ማስረጃም ነበራት። "አንዱን ለወንድማቸው ሰጥተው የሚኖሩ አሉ አይደል?" አለች። እውነቷን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መስከረም 2008 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ካደረገ ወዲህ እዚሁ ከተማችን ኩላሊት ሰጥተው በጤና የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

ግን ልዩነት አለ። ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ተመርምሮ፣ ተመርጦ ነው። ግፊት አለበት? ስኳር አለበት? አጎቴ ሁለቱም አሉበት። ግፊትና ስኳር ደግሞ የቀረችውን ኩላሊት ቀስ እያሉ የሚበሉ በሽታዎች ናቸው። አንዷን ዛሬ አውጥተን ሌላዋ ከአሥር ዓመት በኋላ ብትደክም ምን ይመጣል? የኩላሊት እጥበት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ገደማ ማሽን ላይ መተኛት። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ ታክሲ ውስጥ ፎቶ የተለጠፈበት ካርቶን ይዘው እርዳታ የሚጠይቁትን ያስታውስ።

ስለዚህ ዕጢው ትንሽ ከሆነ፣ በተለይ ከ4 ሴንቲ ሜትር ካላለፈ፣ የዛሬው የሕክምና መመሪያ ከተቻለ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ኩላሊቱን ማትረፍ ይላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመን አገር ቪንሴንዝ ቸርኒ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ዕጢ ያለበትን ክፍል ብቻ ቆርጦ አውጥቶ ነበር። ኋላ ላይ፣ በ1960ዎቹ፣ ኩላሊቱን ከነስቡና ከነሽፋኑ ጠራርጎ ማውጣት ሕግ ሆነና ማትረፉ ለብዙ ዘመን ተረሳ። አንድ ነገር በሐቅ ልናገር፦ ሁለቱን ዘዴዎች ያወዳደረው ትልቁ የአውሮፓ ጥናት፣ 541 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው፣ ኩላሊት የተረፈላቸው ሰዎች ዕድሜያቸው ይረዝማል የሚለውን አላረጋገጠም። ያሳየው የኩላሊት ሥራቸው የተሻለ መሆኑን ነው። እጥበት እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ይህ ትንሽ ጥቅም ሊመስል ይችላል። እኛ ጋ ግን ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ማትረፉ ከተወሰነ ጣጣው ይጀምራል።

የፋሲካን በግ አስቡ። ልጆች ሳለን ከበጉ ቀድማ እሳት የምትነካው ኩላሊቷ ነበረች። ከሰል ላይ ጣል፣ ጨው ነስነስ፣ ከዚያ ለልጅ። ጥሬዋን በቁመቷ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ካያችሁ ሁሉም ነገር እዚያው ተጽፏል። ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ ቀይ። ወደ ውስጥ ፈዘዝ ያለ። መሀሏ ላይ ነጭ ስብ፤ ስቡ ውስጥ ሽንት የሚጠራቀምባት ትንሽ ገንዳና የደም ቧንቧዎቹ። የሚገባውም የሚወጣውም በአንድ በር ነው፣ በባቄላዋ ሆድ በኩል። የሰው ኩላሊት ገንዳው ቅርንጫፍ ይበዛዋል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ልብ ከምትረጨው ደም ከአምስት አንድ እጁ ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ ማለት ነው። እንግዲህ ይህን አካል ቢላ ይዞ መቁረጥ የውኃ ዋና መስመር ሳይዘጉ ቧንቧ እንደ መጠገን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ደም አምጪውን ቧንቧ፣ አርተሪውን፣ በመቆንጠጫ ይይዘዋል። ከያዘበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጥራል። ኩላሊት ሙቀቷን እንደያዘች ያለ ደም ብዙ አትቆይም፤ ሐኪሞች ከ25 ደቂቃ እንዳያልፍ ይጣጣራሉ። በክፍት ቀዶ ጥገና ዙሪያዋን በረዶ አድርጎ ማዘግየት ይቻላል። እሱም ቢሆን ልክ አለው።

ሌላም ጣጣ አለ። አርተሪው ሲገባ አምስት ያህል ቅርንጫፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ክልል ብቻ ያጠጣል። ጎረቤት ለጎረቤት ውኃ አያዋስም። አንዷ በስህተት ከተቆረጠች የእሷ ክልል ይሞታል፣ በቃ። በዚያ ላይ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ወደ አንድ ኩላሊት ከአንድ በላይ አርተሪ ይገባለታል። ሐኪሙ አንዷን ቆንጥጦ "ዘጋሁ" ብሎ ሲቆርጥ፣ ያላያት ሁለተኛዋ ደም ትረጭበታለች። ያኔ ለማትረፍ የገባው ሰው ነፍስ ለማዳን ሲል ኩላሊቱን አውጥቶ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ሆድ ሳይከፈት ማወቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል። የተጻፈውም ሲዲዋ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን በከፊል ነው የሚጻፈው፤ ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው።

ሲቲ ስካን የሚሠራው ድፎ ዳቦ እንደ መቁረጥ ነው። ሰውየውን በጨረር ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራሽ ፎቶ ያነሣል። አሁን ዳቦው ውስጥ ከኮባው ቅጠል የተላጠች አንዲት ቀጭን ክር ተጋግራ ቀርታለች እንበል። ዳቦውን ወፈር ወፈር አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ክሯ በአንዱ ቁራሽ ላይ ነጥብ ሆና ትታያለች። በሚቀጥለው ሌላ ቦታ ሌላ ነጥብ አለ። ያው ክር ናት? ሌላ ናት? ማን ያውቃል። ስስ ስስ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁ ግን ነጥቧን ከቁራሽ ቁራሽ እየተከተላችሁ መንገዷን ትደርሱበታላችሁ። አርተሪ ማለት ያቺ ክር ናት።

በቁጥር ላስቀምጠው። 11 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኩላሊት በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስትቆረጥ 22 ምስል ይወጣታል። በ1 ሚሊ ሜትር 110። 2 ሚሊ ሜትር የምትሆን የደም ቧንቧ በ22ቱ መሀል ደብዝዛ ትጠፋለች፤ ከ110ሩ ግን አታመልጥም። እያንዳንዱ ምስል ደግሞ ባብዛኛው 512 በ512 ነጥብ ነው። ነጥቡ ግራጫ ቀለም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጥር አለው። ውኃ ዜሮ ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ስብ ከዜሮ ዝቅ ይላል፣ አጥንት ወደ ላይ ይሰቀላል። መለኪያው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሀውንስፊልድ ስም ይጠራል፤ በእሱ ማሽን የመጀመሪያዋ ታካሚ ለንደን ውስጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በ1979 የኖቤል ሽልማቱን አብሮት የወሰደው አላን ኮርማክ ግን ሒሳቡን ማሰላሰል የጀመረው ኬፕ ታውን ውስጥ፣ ሆስፒታል በትርፍ ሰዓት ሲሠራ ነው። አህጉራችን በዚህ ነገር መነሻ ላይ ነበረች ለማለት ያህል።

ሦስት አቅጣጫ ያለው ምስል የሚባለው ከእነዚህ ስስ ቁራሾች የሚሠራ ነው። ቁራሾቹ በኮምፒውተር መልሰው ይደረደራሉ። ከዚያ ሰው ይቀመጥና ቀለም ይቀባል፤ አርተሪውን ቀይ፣ ደም መላሹን ሰማያዊ፣ የሽንት ገንዳውን ቢጫ፣ ዕጢውን ለብቻው። ሲያልቅ ኩላሊቷ ስክሪኑ ላይ ትንሳፈፋለች። በማውዝ ታዞሯታላችሁ። ሥጋዋን ብርጭቆ አስመስላችሁ ዕጢው ምን ያህል እንደ ጠለቀ፣ ከገንዳው በስንት ሚሊ ሜትር እንደ ራቀ፣ የትኛዋ ቅርንጫፍ እንደምታጠጣው ታያላችሁ። ለዚህ የሚሆን በነጻ የሚወርድ ፕሮግራም አለ፣ ስሪ ዲ ስላይሰር ይባላል። ቀለም መቀባቱ በእጅ ሰዓታት ይፈጃል። አሁን ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙውን ድካም እያቀለለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የ300 የኩላሊት ዕጢ ታካሚዎችን ምስል አዘጋጅተው፣ የ210ሩን ከነቀለሙ ለዓለም ክፍት አድርገው፣ ቀለሙን በራሳቸው የሚቀቡ ፕሮግራሞችን አወዳደሩ። ያሸነፈው የሃይደልበርግ ቡድን ፕሮግራሙን በነጻ ለቆታል።

ይጠቅማል ወይ ለሚለው መልስ አለ፣ ግን ልክ አለው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 92 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ የግማሾቹ ሐኪሞች ምስሉን በሦስት አቅጣጫ እያገላበጡ እንዲዘጋጁ አደረገ። የዕጢው አስቸጋሪነት ከግምት ሲገባ እነዚህኞቹ ፈጥነው ጨረሱ፤ ደም ትንሽ ፈሰሰ፣ አርተሪው የተቆነጠጠበት ጊዜም አጠረ። ጣሊያን ቱሪን ውስጥ ደግሞ ምስሉን በቀዶ ጥገናው ካሜራ ላይ ደርበው እያዩ የሚቆርጡ ሐኪሞች አሉ። እነዚያ ግን በሮቦት የሚሠሩ ናቸው፤ እኛ ጋ ብዙው በክፍት ነው። "ታዲያ በእጄ እየዳሰስኩ ምን ያስፈልገኛል?" የሚል ሐኪም አይጠፋም። ከላይ ያበጠ ዕጢ ከሆነ እውነት አለው። ውስጥ የተቀበረውን ግን ጣት አያገኘውም። የተደበቀችዋን አርተሪም እንደዚሁ።

የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ እኛ ጋ የጎደለው ማሽኑ አይደለም። ሲቲው በከተማው አለ፣ ገንዘቡም ተከፍሏል። በመንገድ ላይ የሚፈሰው ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ ማዘዣው ላይ ይፈሳል። "የሆድ ሲቲ" ተብሎ ብቻ ይጻፋል። የደም ሥሮቹ እንዲለዩ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ከገባ በኋላ የሚነሣበት ሰከንድ ወሳኝ ነው። 30 ሰከንድ ገደማ ላይ አርተሪዎቹ ይበራሉ። 100 ሰከንድ ገደማ ላይ ኩላሊቷ ራሷ ትበራና ዕጢው ጎልቶ ይለያል። ከደቂቃዎች በኋላ የሽንት ገንዳው ይሞላል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተነሣ ቀዩና ሰማያዊው ተደባልቆ ይቀራል። ከዚያ ፊልሙ ላይ ይፈሳል፤ ከመቶዎቹ ምስል የተመረጡ ጥቂቶች ብቻ ይታተማሉ። ከዚያ ደግሞ ቴሌግራም አለ! ፊልሙ መስኮት ላይ ተደግፎ፣ የጎረቤት ፎቅ ከኋላው እየታየ፣ በስልክ ፎቶ ይነሣና "ዶክተር እስቲ እዩልኝ" ተብሎ ይላካል። ሐኪሙ በቅንነት ያያል። የሚያየው ግን የጥላ ጥላ ነው።

እኛ የተሸወድነው ሲዲዋ ላይ ነው። የአጎቴን ፊልም ያየው ቀዶ ሐኪም ሪፖርቱን ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። "ፊልሙ ዕጢውን ያሳየኛል፣ መንገዱን ግን አያሳየኝም" አለኝ። ሲዲዋን ከፈታት። የተጻፈባት ያው ወፍራሙ ቁራሽ ነበር። ስሱን እንዲሰጡኝ ወዳነሡበት ቦታ ላከኝ። እዚያ ሲቲውን የሚያነሣው ልጅ ትሑት ነው፣ ኮምፒውተሩን ፈታተሸና "ወንድሜ፣ ስሱ ማሽኑ ላይ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ቦታ ሲሞላ ይጠፋል" አለኝ። ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ያን ዕለት የተናደድኩትን ንዴት ልነግራችሁ አልችልም። አጎቴ ሌላ ቦታ እንደገና ተነሣ። እንደገና ክፍያ፣ እንደገና የደም ምርመራ፣ እንደገና ጨረር። በዚህኛው ግን ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ስንት ጊዜ እንደሚነሣና ቁራሹ 1 ሚሊ ሜትር እንዲሆን በእጁ ጻፈበት። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነች። የዋጋ ልዩነት አልነበራትም።

እንግዲህ ፖስታ የያዛችሁ ሁሉ፣ ከመውጣታችሁ በፊት "ስሱ ቁራሽ ሲዲው ላይ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ፍላሽ ላይም ገልብጡት።

ቀለም የሚቀባው ማን ነው ለሚለው፣ ራዲዮሎጂስቶቻችን በሥራ ብዛት ራሳቸውን የሚያዞሩበት ጊዜ የላቸውም። ለእያንዳንዱ ዕጢ ሰዓታት ስጡ ማለት ቀልድ ነው። አምስት ኪሎ ግን የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎች አሉ። የመመረቂያ ሥራ ሲፈልጉ ይጨነቃሉ። ከአምስት ኪሎ ጥቁር አንበሳ የታክሲ መንገድ ነው። ተማሪው ይቀባል፣ ራዲዮሎጂስቱ በአሥራ አምስት ደቂቃ ያርማል፣ ቀዶ ሐኪሙ ያገላብጣል። የታካሚው ስም ከፋይሉ መውጣት አለበት፤ ምስሉም ማንነቱ ወደማይታወቅ ድረ ገጽ መላክ የለበትም። በፕላስቲክ የታተመ ኩላሊት ይሠራ የሚሉም አሉ። ያምራል፣ ግን ለጊዜው ቅንጦት ነው፤ ላፕቶፑ ይበቃል።

ምስሉን ማምለክም አያስፈልግም። የተነሣው ሰውየው በጀርባው ተኝቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው። ቀዶ ጥገናው ላይ በጎኑ ይተኛል፣ ኩላሊቷም ትንሸራተታለች። ስቡ ከኩላሊቷ ጋር ተጣብቆ እንደሆነ፣ ለመላጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ቀለሙ በቅጡ አይናገርም። ዕጢው ክፉ ይሁን ደግ በእርግጠኝነት አይለይም፤ ከትንንሾቹ ዕጢዎች ከአምስት አንድ ያህሉ ካንሰር እንዳልሆነ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከወጣ በኋላ ነው። የቀለሙ ዳርቻም የሰው ፍርድ ነው። የቀባው ሰው ከተሳሳተ ስህተቱ አምሮ ይታያል፣ ያማረ ስህተት ደግሞ ያሳምናል።

የአጎቴ ኩላሊት ስክሪን ላይ የዞረች ቀን እኔም ነበርኩ። ሐኪሙ ላፕቶፑን ወደ አጎቴ መለሰለትና "አባቴ፣ ይህቺ የእርስዎ ናት" አለው። ትልቋ ቀይ ከመሀል ገባች። ሌላ ቀጭን ቀይ ደግሞ ዝቅ ብላ፣ ለብቻዋ፣ በቀጥታ ወደ ታችኛው ጫፍ። ዕጢውን የምታጠጣው እሷ ነበረች። የመጀመሪያው ሪፖርት ስሟንም አላነሣት። ሐኪሙ ሐሳቡን አስረዳን፦ እሷን ብቻ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ይቆርጣል፤ የላይኛው የኩላሊት ክፍል ደሙን እያገኘ ይቆያል። ትልቋም ለክፉ ቀን ዙሪያዋን ክር ተደርጎላት ትጠብቃለች።

እናቴ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና "ታዲያ ይኼ ሁሉ ደህናው ነው?" አለች። ከዕጢው በቀር ያለውን ማለቷ ነው። ሐኪሙ አዎ አላት። "ይውጣ" የሚለው ነገር ከዚያ ወዲያ ቤታችን አልተነሣም።

ላፕቶፑን ቀዶ ጥገና ክፍል ማስገባት አልተመቸም። ሐኪሙ የአጎቴን ፖስታ ገለበጠና ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ኩላሊት ሣለ፤ ሁለት መስመር፣ ቀጭኗ ላይ ክብ። ያን ቀን ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ የዋለው እሱ ነበር። መቆንጠጫዋ ቀጭኗ ላይ የቆየችው 19 ደቂቃ ነው።

አጎቴ ፖስታውን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጦታል፣ እንግዳ ሲመጣ ያወርደዋል። ሲዲዋን ግን ለእኔ ሰጠኝ። "ፊልሙ ለእኔ፣ እሷ ላንተ" ብሎ። በስድስተኛው ወር ለክትትል ስንሄድ ይዣት ሄድኩ።